በጉ ምን አጠፋ? ውሻውስ? እንዝርቱስ?

ከማኅበሩ ጸሐፊ

ውድ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣

ከገና ማግሥት ጀምሮ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ፊርማ የሌለው አንድ ወረቀት ተለጥፎ መሰንበቱን ሁላችሁም አይታችኋል። ያላያችሁም ቡና ላይ ሰምታችኋል። ወረቀቱ «ለሰፈሩ ሥልጣኔ የምንቆረቆር ነዋሪዎች» ብሎ ይጀምርና ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ በግቢ ውስጥ በግ ማሳደር ፈጽሞ እንዲከለከል። ሁለተኛ፣ በሰፈሩ ያሉ ውሾች በመርዝ እንዲወገዱ። ሦስተኛ፣ የበግ ጠጉር ማጠብ፣ መንደፍና መፍተል «የኋላ ቀርነት ምልክት ስለሆነ» ከሰፈራችን እንዲቀር። ይኸው ጉዳይ የፊታችን እሁድ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለድምፅ ይቀርባል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በማኅበሩ ስም አይደለም። ማኅበሩ ገና አልወሰነም። የምጽፈው እንደ አንዲት ነዋሪ ነው፤ ሊቀ መንበራችንም «ሰሌዳው የሁሉም ነው፣ ጻፊ» ብለው ፈቅደውልኛል። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ የቃላት ማሳመር አልችልም። ቃለ ጉባኤ መያዝና የወር መዋጮ መመዝገብ ግን አሳምሬ እችላለሁ፤ ነገርም በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ለምጄአለሁ። ስለዚህ አንድ በአንድ እሄዳለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር። እኔ ገለልተኛ አይደለሁም። በጓሮዬ አንዲት አሮጊት በግ አለችኝ፣ ከአጥሬ ሥር ውሻ አለኝ፣ ማታ ማታ እፈትላለሁ። ወረቀቱ የሚያወራው ስለ እኔ ቤትና እንደ እኔ ስላሉት ቤቶች ነው። ይህን እያወቃችሁ አንብቡኝ። የወረቀቱ ጸሐፊ ግን ማን እንደሆነና ምን ጥቅም እንዳለው አልነገረንም። ስሙን የደበቀ ሰው የጎረቤቱን እንጀራ ሲነካ ዝም ማለት አይገባም።

ስለ በጉ

ወረቀቱ «በከተማ መሐል በግ ማሳደር ያሳፍራል» ይላል። ማን ይሙት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ተቀምጦ በበግ ማፈር ምን ይባላል? ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩ ሣሩን አቃጥሎት ያድራል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን ብርድ የቻሉት በምን ይመስላችኋል? ጠጉሩን ለብሰው፣ አጎዛውን አንጥፈው፣ ሥጋውን በልተው ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ላቱ ሰፊ፣ ጠጉሩ ሻካራ ነው። ብርዱንም የሣር እጥረቱንም ይችላል። ግማሾቻችን ከመንዝ፣ ግማሾቻችን ከዙሪያው ገጠር የመጣን ነን። ያለ በግ ያደገ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

በ1950ዎቹ ዓመታት በከተማችን የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተቋቋመው ለምን ነበር? የበጉ አገር ይህ ስለሆነ ነው። የበግ ማራቢያ ጣቢያም እዚሁ ተከፍቶ፣ አዋሲ የሚባለው ዝርያ ከእስራኤል ድረስ መጥቶ ከመንዝ በግ ጋር ሲዳቀል ቆይቷል። የተማሩ ሰዎች በበጋችን ላይ ሲመራመሩ አላፈሩም። እኛ ምን ሆነን ነው የምናፍረው?

«በጉ ለእርድ ከሆነ ይታረድና ይለቅ፤ ለምን ዓመት ሙሉ ይቀለባል?» የሚሉም አሉ። የእኔን ልንገራችሁ። በጌ እንኮይ ትባላለች። በተወለደች በሦስተኛው ቀን እናቷ ሞተችባትና ልጆቼ በጡጦ አሳደጓት። ማታ ከምድጃው አጠገብ ከልጆቹ ጋር ነበር የምትተኛው። ዛሬ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጥርሷ አልቋል፤ ፉርሽካ በውኃ ተለውሶ ካልተሰጣት አትበላም። ስንት በዓል አለፈ፣ ስንት ጊዜ «እሷን እረጂያትና ተገላገያት» ተባልኩ። አላረድኳትም። ልጆቼ ቤት ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሷን ነው። በየዓመቱ ደግሞ ጠጉሯን ትሰጠኛለች። ይህ ሞኝነት ከሆነ የእኔ ሞኝነት ነው፤ ማንንም አልጎዳም።

ወይስ ጎድቻለሁ? እውነቱን እንነጋገር። የወረቀቱ ጸሐፊ ስለ ሽታው ያለው ሁሉ ሐሰት አይደለም። በጉን መተላለፊያ መንገድ ላይ የሚያስሩ አሉ። በጠጠሩ ላይ ሕፃን ሲንሸራተት አይቻለሁ። በረቱን ሳይጠርጉ ሳምንት የሚያሳልፉ፣ ክረምት ሲመጣም ጭቃውን ወደ ጎረቤት አጥር የሚለቁ አሉ። የሰው አበባና ጎመን ያስበሉም አሉ። እነዚህን ሰዎች እናውቃቸዋለን፤ እነሱም ራሳቸውን ያውቃሉ። ጥፋቱ ግን የበጉ ነው? በግ መጥረጊያ ይዞ በረቱን ይጥረግ? ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል።

ደግሞ ስለ ሽታ ከተነሣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ባለፈው በዓል ማግሥት ከቦኖው በታች ያለው ቦይ በምን ተሞልቶ ነበር? በበግ ቆዳና በበግ ጭንቅላት አልነበረም? ድሮ ቆዳ ገዢ ደጃፍ ድረስ ይመጣ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የቆዳ ዋጋ ወድቆ ገዢ ሲጠፋ ብዙ ሰው ቆዳውን መጣል ጀመረ። በግ አሳዳሪዎቹ እኛ በሰፈሩ ከአሥር ቤት አንበልጥም፤ በዚያ በዓል በግ ያረደው ግን ሰፈሩ ሁሉ ነው። በሕይወት ያለችው በግ ሸተተች ብሎ ወረቀት የለጠፈ ሰው፣ የታረደችው በግ ቆዳ ሲበሰብስ ምነው ዝም አለ? በግን አንድ ቀን ገዝቶ፣ አርዶ፣ ቆዳውን ቦይ ውስጥ መጣል ሥልጣኔ ሆኖ፣ ዘጠኝ ዓመት መቀለብ ኋላ ቀርነት የሆነው በየትኛው ሚዛን ነው?

ስለ ውሻው

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ስለ ውሻ ወረቀቱ ያለውን ሁሉ ውሸት ነው ብል እኔው ራሴ ውሸታም እሆናለሁ። ካቻምና ክረምት ላይ የእኔው ውሻ መቻል፣ በሩን ሳልቆልፍ አድሬ፣ ጠዋት ወጥቶ የጎረቤቴን የስምንት ዓመት ልጅ ባቱ ላይ ነከሰው። ክትባት አላስከተብኩትም ነበር። ዛሬ ነገ ስል ዓመቱ አልፎ ነበር። እኔ ደንግጬ ቁስሉ ላይ ነጭ ሽንኩርት ላድርግበት ስል፣ የልጁ እናት እጄን ገፍታ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ረዘም ላለ ጊዜ አጠበችው። ደኅና አድርጋ ያጠበችው እሷ ናት፤ ትክክሉም ያ ነው። ሐኪሞቹም 15 ደቂቃ ያህል በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው አሉን። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል።

ልጁ መርፌውን በቀጠሮው ሁሉ ወሰደ። ውሻው ታስሮ አሥር ቀን ተጠበቀ። በእነዚያ አሥር ቀናት እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም። በመጨረሻ ውሻውም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፣ ልጁም ይኸው በደኅና ትምህርት ቤት ይመላለሳል። ጎረቤቴ የሐኪም ቤቱን ገንዘብ እኔው ስከፍል አልተቃወመችም፤ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ። «ውሻሽ አይደለም ልጄን የነከሰው፤ አንቺ ነሽ» አለችኝ። አልተቀየምኳትም። እውነቷን ነው። መቻል ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይከተባል፣ ቀን ቀን ይታሰራል፣ በሩም ይቆለፋል። ይህን በሰሌዳ ላይ መጻፍ ደስ አይልም። ነገር ግን የራሱን ሳይናገር የሰውን የሚናገር ሰው አይታመንም ብዬ ነው።

ታዲያ መርዙስ? የወረቀቱ ጸሐፊ ቁርጥ ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ ሌሊት መበተን አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ አድርጎ አቅርቦታል። እስቲ እናስብ። አንደኛ፣ መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። ሠርተን ያስከተብናቸውን፣ ጤነኞቹንና የሰፈሩን ጠባቂዎች ይገድላል። ሁለተኛ፣ መርዝ ያለበትን ሥጋ የሚያነሣው ውሻ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ሜዳ ላይ የሚጫወቱ ሕፃናት የሉንም? ዶሮዎች የሉንም? ሦስተኛ፣ የሞተው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም። ቆሻሻው እስካለ ድረስ ከሌላ ሰፈር ሌላ ውሻ ይመጣል፤ የሚመጣውም ያልተከተበ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው፦ ውሻ በመግደል የእብድ ውሻ በሽታን ማጥፋት አልተቻለም፤ በአንድ አካባቢ ካሉት 100 ውሾች 70ው ከተከተቡ ግን በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይዘጋል። እኛ ሰፈር ስንት ውሻ አለ? ቤት ለቤት ዞሮ መቁጠር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ክትባቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ማድረግ ይቻላል።

አራተኛውን ነገር ደግሞ ማታ ስምንት ሰዓት ላይ የሚነቃ ሰው ያውቀዋል። ጅቡን እስከ ደጃፋችን እንዳይደርስ የሚያደርገው ማን ነው? ባለፈው ዓመት የአንድ ጎረቤታችን በግ በጅብ የተወሰደው ውሻቸው በሞተ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን። ይህ ውሻ ለእኛ ጮኾልናል። እኛ ግን መርዝ ልንመልስለት ነው።

በግና ውሻ በአንድ ግቢ ሲኖሩ አንድ ልናውቀው የሚገባ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ ወረቀቱ ይህን አላነሣም፣ ምናልባትም አያውቀውም። በጎች አንገታቸውን አጣምመው በአንድ ቦታ ሲዞሩ፣ ከመንጋው ሲነጠሉ፣ ግድግዳ ላይ ሲጋጩ አይታችኋል። አዙሪት የምንለው ነው። ቡዳ ነው የሚል አለ፤ ነፋስ መታት የሚልም አለ። የእንስሳት ሐኪሙ እንደ ነገረን ግን ምክንያቱ ትል ነው። በበሽታው የሞተች በግ ጭንቅላት ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አለ። ያንን ጭንቅላት ጥሬውን ለውሻ ስንወረውር ትሉ በውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ ሌላይቱ በግ ትግጠዋለች፣ ነገሩም ይዞራል። በጉበትና በሳንባ ላይ የምናየው የውኃ እብጠትም በዚሁ ዓይነት መንገድ የሚመጣ ነው፤ ያኛው ግን ለሰውም ይተርፋል። ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅ በጉበቱ ላይ ያንን እብጠት ይዞ ዓመታት ሊኖር ይችላል።

እንግዲህ ይህን ሰንሰለት የሚቆርጠው ማን ነው? በጉ አይቆርጠውም፣ ውሻውም አይቆርጠውም። ቢላዋውን የያዘው ሰው ነው የሚቆርጠው። ጭንቅላቱን፣ ጉበቱንና ሳንባውን ጥሬውን ለውሻ አትስጡ። እብጠት ያለበትን በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ለውሻውም የትል መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ውሰዱለት። በዓል በመጣ ቁጥር ጥሬ ጭንቅላት ቦይ ውስጥ የሚጥል ሰው ግን በግ አሳዳሪውንም፣ ባለ ውሻውንም፣ የራሱንም ልጆች እየጎዳ ነው።

ስለ እንዝርቱ

አሁን ደግሞ እጅግ ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ወረቀቱ እንዝርትን «የኋላ ቀርነት ምልክት» ብሎታል።

እናቴ ባሏ ሲሞት አራት ልጆች ይዛ ቀረች። መሬት አልነበራትም። ያላት እጅና እንዝርት ነበር። ሌሊት በኩራዝ ስትፈትል የእንዝርቱን ድምፅ እየሰማን ነው የምንተኛው። ፈትሏን ለሸማኔው ታቀብላለች፣ ሸማኔው ባና ይሠራል፣ ከሚሸጠው ድርሻዋን ትወስዳለች። እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩበት ደብተርና እርሳስ ከዚያ የተገኘ ነው። ከዚያ በላይ ያልተማርኩት እንዝርቱ አንሶ አይደለም፤ እኔ ታላቅ ስለነበርኩ ለታናናሾቼ ለቅቄ ነው። ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት እጅ በጠጉር ቅባት ያደገ እጅ ነው። በዚህ አላፍርም።

ሥራውን ለማያውቁት ላስረዳ። የአገራችን በግ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይሸለታል። ከአንዷ በግ የሚገኘው ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለአንድ ባና የብዙ በጎች ጠጉር መሰብሰብ አለበት። ጠጉሩ ከእሾኽና ከቆሻሻ ይለቀማል፣ ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል። በፈላ ውኃ ከታሸ ይጣበቅና ይበላሻል፤ ይህን ያላወቀች ጀማሪ ስንቱን አበላሽታለች። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በእጅ ይፈታታል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ልቃቂት ይሆናል። ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ለየብቻ ከተፈተለ ያለ ምንም ቀለም የራሱ መልክ ይወጣለታል። ከዚያ ድርና ማጉ ሸማኔው ዘንድ ይሄዳል። ባናውም፣ ዝተቱም፣ በርኖሱም እንዲህ ነው የሚወጣው። ከሽልት እስከ ሸማኔ ብዙ እጅ ይነካዋል፤ እያንዳንዱ እጅ ትንሽ ትንሽ እንጀራ ያገኝበታል።

ጥቅሙንስ? የበግ ጠጉር እርጥበት ቢይዝ እንኳ ሙቀቱን አይለቅም። እሳትም ቶሎ አይዘውም። ገበያ ላይ በርካሽ የምንገዛው ከፕላስቲክ ክር የሚሠራው ብርድ ልብስ ግን የከሰል ፍንጣሪ ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። በከሰል የሚሞቅ ቤት ውስጥ ልጅ ያላት እናት ይህን ብታስብበት ጥሩ ነው። ፋብሪካን እየተቃወምኩ አይደለም። ልጄም ከጥቂት ዓመታት በፊት በተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ትሠራለች፤ እንጀራዋ ነው፣ ይባረክ። ነገር ግን ክር በማሽን ሲሠራ ልማት፣ ክር በእጅ ሲሠራ ኋላ ቀርነት ማለት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ነገሩ ግን የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍኩ። ከእኔ ሁለት በር ወረድ ብለው በኪራይ ክፍል የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ልጅ የላቸውም። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን ዓይን ሳይፈልግ ይፈትላል። የወር ኪራያቸውን የሚከፍሉት በፈትል ነው። የእድር መዋጯቸው አንድ ወር እንኳ አልጎደለም፤ መዝገቡ እኔ ጋ ነው። ወረቀቱ በተለጠፈ በሳምንቱ አከራያቸው «ሕጉ ሊወጣ ነውና በግዎንና ጠጉርዎን እስከ ወሩ መጨረሻ ያውጡ» ብሏቸዋል። የትኛው ሕግ? ማን ያወጣው? ገና ድምፅ ያልተሰጠበት ወረቀት ከአሁኑ ሰው ማስወጫ ሆኗል። እማማ ማታ እቤቴ መጥተው «ልጄ፣ እንዝርት ድምፁ ሰው ይረብሻል እንዴ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ የእሳቸው ጥያቄ ነው።

በዚህም ቢሆን ጥፋታችንን አልደብቅም። ቦኖው ላይ ጠጉር የምናጥብ አለን። ቅባቱና ቆሻሻው የሰው የመጠጥ ውኃ መቅጃ ላይ ይቀራል፣ ተራ የሚጠብቀውም ሰው ይማረራል። ይህ ነውር ነው፣ መቆም አለበት። በመተላለፊያ ላይ መንደፍም ብናኙን በሰው ዓይንና አፍንጫ ይከታል። ከዚህም የሚብስ አለ፤ ታሞ ወይም ባልታወቀ ምክንያት የሞተን በግ ጠጉር ሸልቶ የሚያመጣ አለ። ይህ አደገኛ ነው። አባ ሰንጋ በጠጉር በኩል ለሰው ይተላለፋል። በውጭ አገርም ባለፉት ዘመናት የጠጉር ለቃሚዎች በሽታ እስከ መባል ደርሶ ነበር። የሞተች በግ ከነጠጉሯ ትቀበር፤ አትሸለት፣ አትገፈፍ።

እንግዲህ ምን ይሁን?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በችኮላ የሚወጣ ክልከላም እንደዚሁ ነው። ዛሬ በግ ይውጣ ያልን እንደሆነ ነገ ዶሮ፣ ከነገ ወዲያ ጠላ ጠማቂዋ፣ ቀጥሎ እንጀራ ጋጋሪዋ ይውጡ ይባላል። በመጨረሻ በሰፈሩ የሚቀረው ግንብና የተቆለፈ በር ብቻ ነው። እኔ የምለው ግልጽ ነው። ጥፋት ያለው አያያዛችን ላይ ነው፤ የሚወጣውም ደንብ አያያዛችንን የሚያርም እንጂ ሰውን ከእንጀራው የሚነቅል መሆን የለበትም። ስለዚህ በእሁዱ ስብሰባ ላይ የወረቀቱ ሦስት ጥያቄዎች ውድቅ ሆነው በምትካቸው የሚከተለው ደንብ እንዲጸድቅ ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ. በግ ያለው ሰው በረቱን በየቀኑ ይጥረግ፤ ፍግ በግቢው ጥግ በጉድጓድ ይከማች፤ መተላለፊያ ላይ በግ አይታሰር።

2ኛ. ውሻ ያለው ሁሉ በማኅበሩ መዝገብ ያስመዝግብ፤ በየዓመቱ ያስከትብ፤ የክትባት ወረቀቱን ለጸሐፊዋ ያሳይ። መጀመሪያ የምመዘገበው እኔ ነኝ።

3ኛ. ውሻ ቀን ቀን ይታሰር ወይም በተዘጋ ግቢ ይቀመጥ። ውሻው ሰው የነከሰበት ባለቤት የሕክምናውን ሙሉ ወጪ ይሸፍን፤ ውሻውንም አሥር ቀን አስሮ ያስጠብቅ።

4ኛ. ጥሬ የበግ ጭንቅላት፣ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መስጠት፣ ቆዳም ሆነ የሆድ ዕቃ ቦይ ውስጥ መጣል ይከልከል። ከበዓላት በፊት ማኅበሩ በሰፈሩ ዳር አንድ ጉድጓድ ያስቆፍር፤ መዋጮውም ከሁላችን ይውጣ፤ ሁላችንም እናርዳለንና።

5ኛ. ቦኖ ላይ ጠጉር ማጠብ ይቁም። ውኃ ቀድቶ በየግቢው ማጠብ ይቻላል።

6ኛ. መንደፍ በግቢ ውስጥ ወይም ሰው በማያልፍበት ቦታ ይሁን። የሞተ በግ ጠጉር ወደ ሰፈር አይግባ።

7ኛ. ማንም አከራይ ማኅበሩ ያላጸደቀውን ደንብ በማኅበሩ ስም ጠቅሶ ተከራይ እንዳያስወጣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ይህን ደንብ ያላከበረ፣ እኔን ጨምሮ፣ በማኅበሩ ፊት ቀርቦ ይጠየቅ። ሦስት ጊዜ ተነግሮት ያልታረመ ካለ ያን ጊዜ በጉም ይውጣ፣ ውሻውም ይውጣ ብትሉ እጄን አወጣለሁ። ሳይነገረው፣ ሳይመከር፣ ስሙ በማይታወቅ ሰው ወረቀት ብቻ ሰው እንጀራውን እንዲያጣ ግን እጄን አላወጣም።

ለወረቀቱ ጸሐፊም አንድ ቃል አለኝ። ወንድሜም ሁን እኅቴ፣ ጠላቴ አይደለህም። ምናልባት ውሻ አስደንግጦህ ይሆናል፣ ምናልባት ልጅሽ በበግ ጠጠር ተንሸራቶ ይሆናል። እሁድ ና፣ ስምህን ተናገር፣ የደረሰብህን አስረዳ። በደልህን እሰማለሁ፣ በእኔ በኩል ያለውንም አርማለሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ያወረሱን ፈታዮች ናቸው። አንድ ክር ብቻውን ይበጠሳል። ሰፈርም እንደዚያው ነው።

ማሳሰቢያ፦ ጠቅላላ ስብሰባው የፊታችን እሁድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በማኅበሩ አዳራሽ ይደረጋል። ድምፅ የሚሰጠው በአካል የተገኘ አባል ብቻ ነው። መቅረት የሌላውን ውሳኔ መቀበል ነው። በዕድሜ የገፉትን እናቶችና አባቶች ጎረቤት ደግፎ ያምጣቸው። እማማን የማመጣቸው እኔ ነኝ፤ እንዝርታቸውንም ይዘው ይመጣሉ።

ሰፈራችን በንጽሕናና በመተሳሰብ ይደግ!

የማኅበሩ ጸሐፊ